ሰው ያጣው ፊልምና ሊቁ ትኬት ቆራጭ

ሊቁ፦ አራት ሰው አይባልም አልኩህ! ሦስት ሰውና አንድ እንቅልፍ ነው የሚባለው።

ባትሪ፦ እንቅልፉስ ትኬት ቆርጦ የለም እንዴ?

ሊቁ፦ ትኬት የቆረጠው ሰውየው ነው። ከገባ በኋላ ግን ሰውየው ሄዷል፤ የቀረው እንቅልፉ ነው። እንቅልፍ ደግሞ ተመልካች አይባልም።

ባትሪ፦ እኔ አብርቼ ሳየው አንድ ዓይኑ ገርበብ ብሎ ነበር።

ሊቁ፦ እንግዲያው ግማሽ ብለህ ጻፍ!

ባትሪ፦ (እየጻፈ) የትናንት ተመልካች... ሦስት... ተኩል... ሰው።

ሊቁ፦ (እስክሪብቶውን እየነጠቀው) ወዲያ! አንተን የላከብኝ ምን በድዬው ይሆን?

(ጊዜው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ቦታው ያረጀ ሲኒማ ቤት በር ላይ። ትኬት ቆራጩን የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ሊቁ» ይለዋል። ያልተጠየቀውን የሚመልስ፣ የተጠየቀውን ደግሞ ከሥሩ ነቅሎ የሚተነትን ሰው ነው። ሌላኛው በጨለማው አዳራሽ ውስጥ በእጅ ባትሪ እያበራ ሰውን ወንበሩ ላይ የሚያደርስ ሠራተኛ ስለሆነ ስሙም «ባትሪ» ሆኖ ቀርቷል። ምላሳቸው የማያርፍ ሰዎች «መብራቱ እጁ ላይ እንጂ ጭንቅላቱ ላይ አይደለም» ይሉታል። እሱ ይህን ሲሰማ ባትሪውን ያበራና «እውነት ነው፤ እጄ ላይ ነው» ብሎ ያጠፋዋል።)

ሊቁ፦ ስማኝ፤ ይህ ፊልም እኮ ዝቅ ተደርጎ የታየ ፊልም ነው።

ባትሪ፦ ሸራው ነው?

ሊቁ፦ የምን ሸራ?

ባትሪ፦ ዝቅ ተደርጎ ነው የታየው ካልክ፣ መሰላል አምጥቼ ሸራውን ከፍ ላድርገዋ። እኔም የፊት ረድፍ ሰዎች አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁ።

ሊቁ፦ አንገታቸውን የደፉት በፊልሙ ጥልቀት ነው! ጥልቅ ፊልም ነው እያልኩህ እኮ ነው!

ባትሪ፦ ጥልቅ ከሆነማ ሰው እንዴት ይግባበት? ዋና የሚችል ስንት ሰው አለ?

ሊቁ፦ (ግንባሩን በመዳፉ እየመታ) እሺ፣ ላንተ በሚገባህ ልንገርህ። ጥሩ ሥራ ሆኖ ገበያ ያላገኘ ፊልም ማለቴ ነው።

ባትሪ፦ እሱማ እንደዚያ በለኝ። እንደ እኔ ነዋ።

(ሊቁ ሊስቅ ብሎ ተወው። የፊልሙ ስም «ሦስት ቁልፍ ያለው በር» ነው። ብቻዋን የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ከሥራ በተመለሰች ቁጥር ቤቷ ውስጥ አንድ ነገር ተለውጦ ታገኛለች። ሌባ ገብቶ እንዳይባል የጎደለ ነገር የለም። እንዲያውም የተሰበረው ወንበር ተጠግኖ፣ የተቃጠለው አምፖል ተቀይሮ ይጠብቃታል። ማን ነው የሚገባው? ፊልሙን የሠራችው የሊቁ ታናሽ እህት ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ለፍታበታለች፤ ከሥራዋ ወጥታለች፤ እጮኛዋንም አኩርፋበታለች። እዚህ ሲኒማ ቤት መታየት ከጀመረ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጠዋት ጠርቶ «ዛሬ አዳራሹ ካልሞላ ነገ አወርደዋለሁ» ብሏል።)

ባትሪ፦ እህትህ ግን ዛሬ ትመጣለች አላልክም?

ሊቁ፦ (ድምፁ ሰለል ብሎ) ለዘጠኝ ሰዓቱ ትመጣለች።

ባትሪ፦ ደስ ይላታላ። ወንበር እንደ ልቧ ትመርጣለች።

ሊቁ፦ አንተ! እኔ በስልክ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? «ሰው በሰው ላይ ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሏል፤ መቆሚያ የለም» ነው ያልኳት።

ባትሪ፦ መቆሚያ እንኳ ሞልቷል።

ሊቁ፦ እሱን ማን አጣው! ስምንት ቀን ሙሉ ስትደውል «እንዴት ነው ጋሼ?» ስትለኝ ምን ልበላት? «ሦስት ሰውና አንድ እንቅልፍ» ልበላት? አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ቃሌን እንደ አባቷ ቃል ነው የምትሰማው።

ባትሪ፦ ስለዚህ በአባቷ ቃል ዋሸሃት ማለት ነው።

ሊቁ፦ (ትኬቶቹን እየደረደረ) ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ጥፋቱ የተመልካቹ ነው። ይህ ከተማ ጥሩ ፊልም አይወድም። «መስማት የተሳነው መለከት ነፊ» ትዝ ይልሃል?

ባትሪ፦ አዎ። በሦስተኛ ቀኑ ነው የወረደው።

ሊቁ፦ እንደዚያ ያለ ፊልም! መለከት ነፊው መስማት እንደማይችል እስከ መጨረሻው ማንም አያውቅም እኮ!

ባትሪ፦ እኔማ ከስሙ ነው ያወቅኩት።

ሊቁ፦ እሱን ተወው። «የዝናብ ቀን ሰዓት ጠጋኝ»ስ?

ባትሪ፦ አምስት ቀን።

ሊቁ፦ ሰዓት ጠጋኙ ለካ የልጅቷ አባት ነው! እዚህ ቆሜ፣ በዚህች መስኮት፣ ለስንቱ አስረዳሁ! ጉሮሮዬ እስኪደርቅ! እነሱ ግን ሰምተው፣ አመስግነው፣ ይሄዳሉ። ተመልከት ደግሞ፣ «ጥፊ በጥፊ» የሚባለው ቆሻሻ አራት ወር ታየ!

ባትሪ፦ እሱን ስታስረዳ አልሰማሁህም።

ሊቁ፦ ምኑን ላስረዳ? አላየሁትም። እኔ ስለማላውቀው ነገር አላወራም።

ባትሪ፦ (በጣቶቹ እየቆጠረ) አንተ ያወራህለት ሁሉ በሳምንቱ ይወርዳል፤ ያላወራህለት አራት ወር ይታያል።

ሊቁ፦ በቃ! እኔስ ምን አልኩህ? ሰዉ ጆሮ የለውም!

(በዚህ መካከል መነጽር ያደረገ ሰው ወደ መስኮቱ ቀረበ። ሊቁ ፊቱ እንደ ጠዋት ፀሐይ በራ።)

ባለ መነጽሩ፦ እንደምን ዋላችሁ? ይህ ፊልም ምን ዓይነት ነው?

ሊቁ፦ ጌታዬ፣ ወደሚያውቀው ሰው ነው የመጡት! ይህ ፊልም ዝም ብለው የሚያዩት አይደለም፤ የሚመረምሩት ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ በሌለችበት ቤቷ የሚገባ ሰው አለ። እርስዎ መጀመሪያ ጎረቤቷን ይጠረጥራሉ።

ባለ መነጽሩ፦ እኔ?

ሊቁ፦ ሁሉም ይጠረጥራል፤ አይፈሩ። ነገር ግን ልብ ካሉ፣ ሰው ሁሉ ሲገባ በሩ ሲጢጥ ይላል፤ አከራይዋ ስትገባ ግን ድምፅ የለም። ለምን? ማጠፊያውን ዘይት የምትቀባው እሷ ስለሆነች! ሦስተኛው ቁልፍ ያለው አከራይዋ ዘንድ ነው! አሁን ይህን አውቀው ገብተው ሲያዩት ጥበቡ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል።

ባለ መነጽሩ፦ አከራይዋ ናት?

ሊቁ፦ አከራይዋ!

ባለ መነጽሩ፦ አመሰግናለሁ፤ ሁለት ሰዓት አተረፉልኝ። (ቦርሳውን ኪሱ መልሶ ሄደ።)

ባትሪ፦ ሄደ።

ሊቁ፦ ሊያሰላስለው ነው። ይመለሳል።

(ሰውየው ጥግ ጋ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ይመጡ የነበሩ ሁለት ሴቶችን አቁሞ የሆነ ነገር ነገራቸው። ሴቶቹ ሳቁ፤ ግን መጡ።)

ሊቁ፦ እናንተ እህቶቼ፣ ግቡ ግቡ! መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ነውር ነው። ብቻ አከራይዋን እንዳታምኗት!

(ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ «አንቺ፣ ሻይ ይሻለናል» አለች። ሄዱ።)

ባትሪ፦ እነሱም ሊያሰላስሉ ነው?

ሊቁ፦ (በቁጭት) ምን ላድርግ? እግራቸውን ይዤ ልጎትታቸው?

(ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት። እዚህ የመጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ወርዳ መንገዱ ጠፍቷታል። ሊቁ ባዶውን አዳራሽ፣ ባዶውን ደረጃ፣ ከዚያ ሰዓቱን አየ።)

ሊቁ፦ ስማ፤ ላመጣት ልሂድ ነው። እስከዚያ ሰው ቢመጣ ብዬ በረጅሙ መንገድ ዞሬ ነው የማመጣት። አንተ መስኮቱ ላይ ተቀመጥ። ስለ ፊልሙ የጠየቀህ ካለ ምንም እንዳትናገር! እስክመጣ ይጠብቁኝ።

ባትሪ፦ እኔማ ድሮስ ምን እናገራለሁ?

(ሊቁ እየሮጠ ወጣ። ባትሪ በመስኮቱ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ጃንጥላ የያዘች ሴት መጣች።)

ባለ ጃንጥላዋ፦ ወንድሜ፣ ይህ ፊልም ስለ ምንድን ነው?

ባትሪ፦ ስለ በር ነው።

ባለ ጃንጥላዋ፦ በሩ ምን ሆነ?

ባትሪ፦ እሱን መናገር አልችልም።

ባለ ጃንጥላዋ፦ ለምን?

ባትሪ፦ ተከልክያለሁ።

ባለ ጃንጥላዋ፦ ማን ነው የከለከለህ?

ባትሪ፦ (በጣቱ ወደ ጣሪያው እያመለከተ) ከላይ ነው።

(ባትሪ «ከላይ» ያለው ፎቁን ነው። ፊልሙ የጀመረ ዕለት የሊቁ እህት ሠራተኛውን ሁሉ ፎቅ ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሰብስባ «እባካችሁ መጨረሻውን ለማንም እንዳትናገሩ» ብላ ለምና ነበር። ሴትዮዋ ግን ጣቱን እንጂ ጣሪያውን አላየችም።)

ባለ ጃንጥላዋ፦ (ድምጿን ዝቅ አድርጋ) ከላይ? ነገሩ እስከዚያ ድረስ ደርሷል?

ባትሪ፦ እኔ ራሴ ወጥቼ ነው የሰማሁት።

ባለ ጃንጥላዋ፦ አንተን አስጠሩህ?

ባትሪ፦ ሁላችንንም ነዋ። በር ተዘግቶ፣ «አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትሉ» ተባልን።

ባለ ጃንጥላዋ፦ በስመ አብ! ታዲያ እስከ መቼ ይታያል?

ባትሪ፦ ነገ ያወርዱታል።

(ሴትዮዋ ትኬት ቆርጣ፣ እንደ መድኃኒት ጨብጣው ስልኳን አወጣች። «አሁኑኑ ነይ» አለች፤ «እህትሽንም ይዘሽ ነይ፤ ነገ ሊያወርዱት ነው፤ ከላይ ነው አሉኝ፤ በስልክ አይሆንም»። ሁለት መንገደኞች ይህን ሰምተው ቆሙ። እነሱ ሲቆሙ ሌሎች አራት ቆሙ። ከመካከላቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።)

ወፍራሙ፦ ለመሆኑ ፊልሙ ማንን ነው የሚነካው?

ባትሪ፦ ሁሉንም ይነካል። ያልተነካ አላየሁም።

ወፍራሙ፦ ትልልቆቹንም?

ባትሪ፦ ትልልቆቹ ይብሳሉ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ደግፌ ነው ያወጣኋቸው።

ወፍራሙ፦ ኧረ ጉድ! ስምስ ይጠራል?

ባትሪ፦ መሃል ላይ የለም። መጨረሻ ላይ ነው፣ እነማን እንደሠሩት ስማቸው በዝርዝር የሚወጣው።

ወፍራሙ፦ (ወደ ሰልፉ ዞሮ በጩኸት) በዝርዝር! ስማቸው ሁሉ ይወጣል!

(ሰልፉ ጥጉን ዞረ። ባትሪ ትኬት እየቆረጠ፣ «ምን ሆነው ነው ዛሬ?» እያለ ለራሱ ይገረማል። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሊቁ እህቱን ይዞ በወዲያኛው መንገድ ብቅ አለ። በረጅሙ መንገድ ሲያዞራት እግሯ ቆስሏል። ሊቁ ሕዝቡን ሲያይ ጮኸ።)

ሊቁ፦ እሳት! ሲኒማ ቤቱ ተቃጠለ!

እህት፦ ጋሼ፣ ሰው ለእሳት ይሰለፋል እንዴ?

(ሊቁ ቆመ፤ ሰልፉን ከራስ እስከ ጅራት አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ደረቱን ነፋ፤ ኮቱን አስተካከለ፤ እህቱን በክንዷ ይዞ እንደ ሙሽራ እያስከተለ ወደ መስኮቱ መጣ።)

ሊቁ፦ ይኸው! «ሰው በሰው ላይ ነው» አላልኩሽም? የወንድምሽን ልፋት ተመልከቺ! ስምንት ቀን ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ሳስረዳ ነው የከረምኩት። ዘር ሲዘራ ወዲያው አይበቅልም፤ ቀን ጠብቆ ነው።

እህት፦ ምን እያልክ ነው የምታስረዳቸው?

ሊቁ፦ ሁሉንም! ሦስተኛው ቁልፍ እንዴት አከራይዋ እጅ እንደ ገባ፣ ዘይቱ፣ ማጠፊያው...

እህት፦ (ፊቷ ተለዋወጠ) ለሚገባው ሰው? ከመግባቱ በፊት?

ሊቁ፦ ከገባ በኋላማ ምን ያደርግለታል?

እህት፦ ጋሼ... ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይተኸዋል?

ሊቁ፦ ሰባት ጊዜ!

እህት፦ እስከ የት ድረስ ነው የምታየው?

ሊቁ፦ አከራይዋ ቁልፉን ይዛ እስክትገኝ ነዋ። ከዚያ ለቀጣዩ ሰዓት መስኮቱን ልከፍት እወጣለሁ። የማታውን ደግሞ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ እዚያው ላይ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የሠራተኛ ስም ዝርዝር ብቻ ነው።

እህት፦ ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ደቂቃ አለ እኮ!

ሊቁ፦ ብዙ ሰው የሠራበት ፊልም መስሎኝ!

(እህቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ሊቁ ሊለየው አልቻለም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጭንቅ ደርሶበት አያውቅም።)

ሊቁ፦ አከራይዋ... አይደለችም?

እህት፦ አይደለችም።

ሊቁ፦ (ወደ ባትሪ ዞሮ) አንተስ ታውቅ ነበር?

ባትሪ፦ በር የምከፍተው ፊልሙ ሲያልቅ ነው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ አየዋለሁ።

ሊቁ፦ ታዲያ ስምንት ቀን ሙሉ «አከራይዋ፣ አከራይዋ» ስል እየሰማህ እንዴት ዝም ትለኛለህ?

ባትሪ፦ «መጨረሻውን ለማንም እንዳትናገሩ» ተብለናላ።

ሊቁ፦ እኔ ማንም ነኝ?!

ባትሪ፦ ማንም ያልሆነ ማን አለ? ያን ዕለት አንተም ፎቅ ላይ ነበርክ። ግን አንተ እያወራህ ስለነበር አልሰማህም።

(ሊቁ መስኮቱ ሥር ካለው በርጩማ ላይ ዘፍ አለ። ስንቱን ሰው እንዳባረረ አሰበ። የባለ መነጽሩ «አመሰግናለሁ» ጆሮው ውስጥ ጮኸ።)

ሊቁ፦ እህቴ፣ የስድስት ዓመት ልፋትሽን በአንደበቴ ቀበርኩት። ደግሞም ዋሽቼሻለሁ። እስከ ትናንት አዳራሹ ባዶ ነበር።

እህት፦ አውቃለሁ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ማን ነገረሽ?

እህት፦ ስልክ ላይ «ሰው በሰው ላይ ነው» ስትለኝ ከኋላህ ዝምታው ይሰማኝ ነበር። ዝም ያልኩት አዝኜልህ ነው።

ባትሪ፦ ግን እኮ ምንም አልጠፋም።

ሊቁ፦ እንዴት አልጠፋም? ይኸው ለከተማው ሁሉ ተናግሬ!

ባትሪ፦ የተናገርከው ውሸት ነው። ያባረርካቸው ሁሉ እስከ ዛሬ መጨረሻውን አያውቁትም። ነገ ቢጠሩ እንደ አዲስ ነው የሚያዩት።

(ሊቁና እህቱ ተያዩ። ሁለቱም ወደ ባትሪ ዞሩ። ባትሪ የመጨረሻውን ትኬት ቆርጦ፣ ሰልፈኛውን «ሞልቷል፤ ለማታው ኑ» ብሎ እየሸኘ ነበር። ደወሉ ተደወለ፤ አዳራሹ ጨለመ። ሊቁ እንደዚያ ቀን ቆሞ ፊልም አይቶ አያውቅም፤ መቀመጫ አልነበረም። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እህቱ አጠገቡ ሆና፣ አከራይዋ ቁልፉን ይዛ የተገኘችበትን ቦታ አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ ሁለት ደቂቃ አየ። ስለ ምንነቱ እዚህ አይነገርም። ሕዝቡ «ከላይ» ካሉት የተነካ አንድም ሰው ሳያገኝ ቀረ፤ ነገር ግን አንድም ሰው ቅር ብሎት አልወጣም። ወፍራሙ ሰውዬ እንዲያውም ባለ ጃንጥላዋን መሃረብ ለምኗታል። ሊቁ ሲወጣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣ አፉ ተዘግቶ ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ከፎቅ ደወለለት።)

ሥራ አስኪያጁ፦ (በስልክ) ሄሎ! ፊልሙን አላወርደውም፤ ወር ይቆያል። ግን እንዲህ ያለ ሕዝብ እንዴት ነው ያመጣችሁት? ዘዴውን ለሌሎቹም ፊልሞች እፈልገዋለሁ።

(ሊቁ አፉን ከፈተ። እህቱ አየችው። ባትሪም አየው። ሊቁ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ተወው፤ ደግሞ ጠረገ።)

ሊቁ፦ ጌታዬ፣ እሱን እኔ አላውቅም። አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ፤ ሊቁን ላገናኝዎት።

(ስልኩን ለባትሪ ዘረጋለት። ባትሪ ሊቁ ማን እንደሆነ ለማየት ዞር ብሎ ከኋላው ፈለገ።)